ቅቤ የተቀባው ማሲንቆ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ካለ አጠገቡ ያለውን ልጅ እጅ ይያዝ። የማይፈራም ቢሆን ይያዝ፤ ጭራቁ ሲመጣ ማን እንደሚፈራ ማን ያውቃል?

ተራሮች ገና ጎረምሶች በነበሩበት፣ ወንዞችም «በየት በኩል እንውረድ?» እየተባባሉ መንገድ በሚጠያየቁበት ዘመን እንጉዳይ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ አትጠገብ ትባላለች፤ አባቷ ደግሞ አዝማሪ ላቀው።

ማሲንቆ ታውቃላችሁ አይደል? በቆዳ የተለጎመ ሳጥን አለው፤ ከሳጥኑ ረዥም እንጨት ይወጣል፤ በእንጨቱ ላይ አንድ ክር ብቻ ይወጠራል። ክሩ የፈረስ ጭራ ነው። የሚመታበት ደጋንም የተወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። ፀጉር ፀጉርን ሲያሽ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ የሰው ስም ይጠራል። ታዲያ ፀጉሩ ሁልጊዜ በዛፍ ሙጫ መታሸት አለበት፤ ሻካራ ካልሆነ አይጮህም። ቅባት የነካው ዕለትማ አለቀለት! መንሸራተት ብቻ ነው፣ ድምፅ የለም። ለዚህ ነው ላቀው ልጁን፣ «እንጉዳይዬ፣ ቅባት በነካው እጅሽ ደጋኑን እንዳትነኪ አደራ» የሚላት።

ላቀው ሰርግ ሲጠራ እንጉዳይን ይዟት ይሄዳል። እሱ ይመታል፤ መሀል ላይ ሲደርስ «ልጄ፣ ነይ ተቀበይኝ!» ይላታል፤ እሷም አጠገቡ ቆማ ትዘፍናለች። ትንሽ ሳለች በዚህ ደስ ይላት ነበር። ከፍ ስትል ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመረች። ሰው አባቷን እየለመነ ይጠራውና በር አጠገብ ያስቀምጠዋል። እያጨበጨበ ይሰማውና ሲጠግብ ይሰድበዋል። አባቷ ደግሞ ይስቃል! ሲሰድቡት እየሳቀ ስድቡን በዜማ ይመልስላቸዋል። እንጉዳይ ይህን ስታይ ፊቷ ይግላል። «ምነው ሌላ አባት በሆነ» ብላ ታስባለች። ይህን በማሰቧ ደግሞ እንደገና ፊቷ ይግላል።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ማንም እንጉዳይን በማያውቅበት መንደር፣ የጭቃ ሹሙ ልጅ ተዳረች። ላቀው ተጠራ። እሱ ወደ ዳሱ ሲገባ እንጉዳይ በጓሮ ዞራ ወደ ልጃገረዶቹ ሄደች። ልጃገረዶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው እርስ በርስ ፀጉራቸውን ለጋ ቅቤ ይቀባባሉ። የጭቃ ሹሙ ታናሽ ልጅ፣ የሻረግ፣ ቀና ብላ አየቻት።

«ውይ፣ ሹሩባሽ ሲያምር! ነይ ቁጭ በይ፣ ቅቤ ላድርግልሽ። የማን ልጅ ነሽ?»

እንጉዳይ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ዋጠችው።

«የነጋዴ ልጅ ነኝ» አለች። «አባቴ ጨው ጭኖ ሩቅ አገር ሄዷል።»

«እሰይ! እንግዲያው ለእኔም ቅቤ አድርጊልኝ» አለችና የሻረግ ቅቤውን በመዳፏ ላይ ጣል አደረገችላት።

በዚህ መሀል አንዲት ልጅ እየሮጠች መጣች። «አዝማሪው መጣ! አያችሁት? ጋቢው አጭር፣ አፉ ረዥም!»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። እንጉዳይም አብራ ሳቀች። አዎ ልጆች፣ ሳቀች። 

ወዲያው ትዝ አላት። አባቷ መምታት ይጀምራል፤ ጀምሮም «ልጄ፣ ነይ ተቀበይኝ!» ይላል። ያን ጊዜ የሻረግ ምን ትላለች?

ተነሣች። «መጣሁ» ብላ በዳሱ ጀርባ ሾልካ ገባች። ማሲንቆው ከምሰሶው ተደግፎ ቆሟል። አባቷ ጭቃ ሹሙን እጅ ሊነሣ ሄዷል። እንጉዳይ ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ ቅቤ በጠጣው እጇ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ክሩንም ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው። ዳበሰችውና ሮጠች።

ላቀው ተመልሶ በር አጠገብ ተቀመጠ። ማሲንቆውን አቀፈ። ዳሱ ጸጥ አለ። ደጋኑን አነሣና ሳበ።

ሽ…

እንደገና ሳበ። ሽ… ሽ…

«አዝማሪ፣ ማሲንቆህን ጉንፋን ያዘው?» አለ አንዱ።

«ማር በሎሚ ስጡት!» አለ ሌላው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ላቀው ደጋኑን በጋቢው ጠረገ። እንደገና ሞከረ። ሽ… እንጉዳይ ከዳሱ መጋረጃ ኋላ ሆና በቀዳዳ ታየዋለች። አባቷ ሲሰድቡት እየሳቀ መመለስ ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን የሚመልስበት ድምፅ አጣ። አንገቱን ደፋ። እሷም ያን የተደፋ አንገት አይታ፣ «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!» አለች በልቧ። መሬት ግን አልተከፈተችም።

ያኔ ከጫካው በኩል ተሰማ።

ዱብ።

ዱብ… ዱብ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ!

የዳሱ ቅጠል ረገፈ። ከዛፎቹ በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። ፀጉሩ እንደ ቤት ክዳን፣ ጆሮው እንደ ሰፌድ፣ ጥርሱ እንደ መጥረቢያ። ጭራቅ!

«ዘፈኔን ማን ቆረጠው?» ብሎ ጮኸ። «እዚያ ጫካዬ ውስጥ ተጋድሜ ሰርግ በመጣ ቁጥር ማሲንቆ እሰማለሁ። ማሲንቆ ስሰማ ጉልበቴ እንደ ገንፎ ይላላል፤ ሰው መብላቱንም እረሳዋለሁ። ዛሬ ዝም አላችሁ! ዝም ስትሉ ራበኝ!»

ለካ መንደሩን ከጭራቅ ሲጠብቅ የኖረው ያ በር አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ነው! ማንም አያውቅም ነበር። ላቀው ራሱም አያውቅም።

ጭራቁ ላቀውን ከነማሲንቆው አፈፍ አድርጎ በብብቱ ሥር ወሸቀው። «አንተ ለእኔ ብቻ ትመታለህ! ነገ ፀሐይ እስክትወጣ ይህ እንጨት ካልጮኸ ግን ቁርሴ ነህ!»

ላቀው በጭራቁ ብብት ሥር ሆኖ ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ። ፈለገና ከመጋረጃው ኋላ እንጉዳይን አያት። ወዲያው ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ሄደ።

ሰርገኛው ተበተነ። እንጉዳይ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች፤ ግን እግሯ እምቢ አላት። እናቷ «አባትሽስ?» ስትላት ምን ትላለች? ወንዙ ዳር ተቀምጣ እጇን በአሸዋ ታሽ ጀመር። ታሻለች፣ ታሻለች፤ ቅቤው ግን የለቀቀ አልመስል አላት።

«እጅሽን ልትልጪው ነው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ስትል ነጭ ፈረስ ነው። አምባላይ ይሉታል። መስኩ ላይ ሣር እየጋጠ ነበር፤ ጭራው ግን ሳሳ ያለች ናት።

«ፈረስ… ትናገራለህ?»

«ሲናደድ የማይናገር ማን አለ? ያ ማሲንቆ የእኔ ጭራ ነው! አባትሽ ፀጉር ሲነቅለኝ አንድ አንዱን፣ ‹ይቅርታ ጋሼ አምባላይ› እያለ ነው። ዛሬ በጭራዬ ሲሳቅ ሰማሁ። ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?»

«እኔ… እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች እንጉዳይ እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ።

አምባላይ አፍንጫውን ነፋ። አየት አደረጋትና ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም።

«እሺ። ጭራቁ አባትሽን ወደ ወሰደበት ላድርስሽ። መጀመሪያ ግን ከጭራዬ ለክሩም ለደጋኑም የሚበቃ ንቀይ። ቀስ ብለሽ! የቀረኝ ይቺው ናት። ስሚ፣ ያ ጭራቅ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ጆሮው ግን የልብ ትርታ ይሰማል። ውሸት ደግሞ ለእሱ ምግብ ነው። አንድ ውሸት በሰማ ቁጥር ያብጣል። እንዳትዋሺው!»

«አልዋሽም» አለች።

ነቀለችና ፀጉሩን ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። አምባላይ ጀርባ ላይ ወጣች። ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ጫካው ውስጥ ገቡ። ሊነጋጋ ሲል ከአንድ የእሾህ አጥር ፊት ቆሙ። አጥሩ ከቤት ይረዝማል።

«እኔ እዚህ ልቆይ» አለ አምባላይ። «ፈርቼ አይደለም… እሺ፣ ፈርቼ ነው።»

ከአጥሩ ውስጥ ያ ድምፅ መጣ። «ደጄ ላይ ልብ ይመታል! ትንሽ ልብ! አጥሬ፣ ተከፈል! በሬ፣ ተከፈት!»

አጥሩ በራሱ ተከፈለ። በሩ በራሱ ተከፈተ።

«አየሽ?» አለ ጭራቁ። «ከአፌ የወጣ ቃል ሁሉ ይሆናል። ግቢ!»

እንጉዳይ ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ጥግ ላይ የጥጃ ጉረኖ የመሰለ የእሾህ ማጎሪያ አለ፤ ውስጡ አባቷ ማሲንቆውን አቅፎ ተቀምጧል። እግሩ ደምቷል። ቀና ብሎ አያት።

ጭራቁ ጎንበስ አለ። ትንፋሹ እንደ ምድጃ ፊቷን ጠበሰው።

«የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ? ሆዴ ጎተራ፣ ጉሮሮዬ ገደል፣ ንገሪኝ እስቲ ሳልውጥሽ!»

እንጉዳይ እውነቱን ልትናገር ነበር። ግን አባቷ ያያታል። «የላቀው ልጅ ነኝ» ካለች፣ «ታዲያ ማሲንቆውን ምን ነካው?» ይመጣል። ምላሷ በለመደው መንገድ ሄደ።

«የነጋዴ ልጅ ነኝ። መንገድ ጠፍቶኝ ነው።»

እፍፍፍ! ጭራቁ አበጠ። ራሱ ከጣሪያው ማገር ጋር ተጋጨ።

«እም… ይጣፍጣል! የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ? ሆዴ ጎተራ፣ ጉሮሮዬ ገደል፣ ንገሪኝ እስቲ ሳልውጥሽ!»

እንጉዳይ ወደ አባቷ አላየችም። ማየት አልቻለችም።

«የገበሬ ልጅ ነኝ። ጥጃ ጠፍቶኝ ነው።»

እፍፍፍፍ! ጭራቁ አበጠ። ጣሪያው ተገንጥሎ እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ቀረ። ግድግዳው ሲጥ ሲጥ አለ።

«እም… እም… የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ? ሆዴ ጎተራ፣ ጉሮሮዬ ገደል፣ ንገሪኝ እስቲ ሳልውጥሽ!»

አፉን ከፈተ። ጥርሱ ከላይ ወረደ፣ ጥርሱ ከታች ወጣ። ያኔ ከጉረኖው ውስጥ ላቀው ጮኸ።

«እውነቷን ነው! የእኔ ልጅ አይደለችም! አላውቃትም፣ የሰው ልጅ ናት! ልቀቃትና እኔን ብላ!»

እፍፍፍፍፍፍ! ከዚያ ሁሉ ውሸት እንደዚህኛው ጭራቁን ያሳበጠው የለም። ግድግዳው ተደረመሰ። ሰማዩ በጭራቅ ሆድ ተሸፈነ።

እንጉዳይ ግን ሆዱን አላየችም። የሰማችው «አላውቃትም» የሚለውን ብቻ ነው። እሷ አባቷን የካደችው ለራሷ ብላ ነበር። እሱ ደግሞ የካዳት ለእሷ ብሎ ነው። ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ በእፍረት ተቃጠለች፤ ይህ እፍረት ግን እንደ በፊቱ ዝም የሚያሰኝ አልነበረም። ጮኸች።

«የላቀው ልጅ ነኝ! የአዝማሪ ላቀው ልጅ ነኝ! ደጋኑን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ! እንዳይጠራኝ ብዬ ነው! ሲስቁበትም አብሬ ስቄአለሁ!»

ፍስስስ… ጭራቁ እንደ ተበሳ ስልቻ ሟሸሸ። ሟሸሸ፣ ሟሸሸና ወደ ቀድሞ ቁመቱ ተመለሰ። ሆዱም ጉርርር አለ።

«ምነው ምግቤን አበላሸሽብኝ!» አለ።

እንጉዳይ ወደ ጉረኖው ሄዳ ተንበረከከች። «አባዬ…»

«ቅቤው ያን ጊዜውኑ ሸቶኛል፣ ልጄ» አለ ላቀው ቀስ ብሎ። «የማን እጅ እንደሆነም አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው? ሁሉም እየሰደበህ?»

«ታዲያ አንቺን በሰው ፊት ላዋርድ?»

እንጉዳይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ልቅሶውን ተዉትና!» አለ ጭራቁ። «ፀሐይ አፋፉ ላይ ልትደርስ ነው። ወይ ማሲንቆ፣ ወይ ቁርስ!»

እንጉዳይ ከክንዷ የአምባላይን ፀጉር ፈትታ በእሾሁ መሀል አቀበለችው። ላቀው ቅቤ የነካውን ክር በጥሶ ጣለ። አዲሱን ወጠረ። ደጋኑንም ወጠረ። ከጋቢው ጫፍ ላይ ሙጫ ቋጥሮ ነበር፤ ፈታና ፀጉሩን አሸ፣ አሸ፣ አሸ። የፀሐይ ጠርዝ ብቅ ስትል ደጋኑን ሳበ።

ማሲንቆው ጮኸ!

የጭራቁ ጉልበት እንደ ገንፎ ላላ። ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጆሮው እየተወዛወዘ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ «ወይኔ፣ ወይኔ፣ እንዴት ይጥማል!» አለ። ቀጥሎም፣ «እንግዲህ ከዚህ አትወጡም። አንተ እድሜ ልክህን ትመታለህ፤ ልጅቷ እድሜ ልኳን ትዘፍናለች። እኔ ግጥም እሰጣለሁ። የአዝማሪ ወግ አውቃለሁ፤ ‹ተቀበል› የተባለ፣ የሰጡትን ግጥም ምንም ይሁን ምን መቀበል አለበት። አይደለም ወይ?» አለ።

«ነው» አለ ላቀው።

«እንግዲያው አንቺ ልጅ፣ ተቀበይ!

ደጋን ቅቤ ቀብታ አባቷንም ክዳ፣
እጭራቅ ቤት መጣች ባለጌዋ እንግዳ!»

ካካካካ! ብሎ ሳቀ። ላቀው ደጋኑን ይዞ ቆመ፤ ሊመታው አልፈለገም። እንጉዳይ ግን፣ «ምታው አባዬ» አለችው።

ላቀው መታ። እንጉዳይ ተነሥታ ቆመች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ጭራቁ «ቀብታ» «ክዳ» ያለውን እንዳለ ብትመልሰው ስለ ሌላ ሰው ያወራች ይመስል ነበር። ማንም ሳያስገድዳት ቃሉን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ደጋን ቅቤ ቀብቼ አባቴንም ክጄ፣
እጭራቅ ቤት መጣሁ አጥፍቼ በእጄ።»

ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ መጨረሻው ላይ ግን ጸና። ላቀው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

«ጥሩ ነው! ሌላ ልስጥሽ!» አለ ጭራቁ።

«ትሰጠኛለህ» አለች እንጉዳይ። «ግን ጋሼ ጭራቅ፣ ያንተን ድምፅ ማን ሰምቶት ያውቃል?»

«የእኔን?»

«ሰጪ ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ከሆነ፣ ‹ድምፁ አያምርም መሰለኝ› ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?» ጭራቁ ጆሮው ቆመ። «የእኔ ድምፅ ነጎድጓድ ነው! ስጪኝ! ስጪኝና እዪ!»

ላቀው ልጁን አየት አደረጋት። ልጆች፣ እናንተም ገብቷችኋል? ዝም በሉ፣ ጭራቁ እንዳይሰማ!

«ጋሼ ጭራቅ፣ ተቀበል!

አጥሬም ተከፈለ በሬም ወለል አለ፣
ያሰርኩት ሰው ሁሉ ወጣ ኮበለለ።»

ጭራቁ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀበለ።

«አጥሬም ተከፈለ በሬም ወለል አለ፣ ያሰርኩት ሰው ሁሉ ወጣ ኮበለለ!»

አጥሩ ተከፈለ። በሩ ወለል አለ። ጉረኖው ተፈረካከሰ፤ ላቀው እየመታ ወጣ። ጭራቁ ግን በገዛ ድምፁ ሰክሮ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እንዴት ነው? ያምራል?»

«ያምራል! ጋሼ ጭራቅ፣ ተቀበል!

ጥርሴም ረገፈ ጥፍሬም ተሰበረ፣
ሥጋ በሊው አፌ ገንፎ ሲል አደረ።»

ጭራቁ ተቀበለ።

«ጥርሴም ረገፈ ጥፍሬም ተሰበረ፣ ሥጋ በሊው አፌ ገንፎ ሲል አደረ!»

ቀጭ ቀጭ ቀጭ! ጥርሱ እንደ በቆሎ ፍሬ መሬት ላይ ተበተነ። ጥፍሩ ስብር ስብር አለ።

«ምንድን ነው አፌ ውስጥ የላላው?» አለ እየተኮላተፈ። ሊነሣ ቢሞክር ጉልበቱ ገንፎ ነው።

«አባዬ፣ እንዳታቆም!» አለች እንጉዳይ። ላቀው አላቆመም። ደጋኑ ሄደ፣ መጣ፤ ሄደ፣ መጣ።

«አንድ ብቻ ቀረ። ጋሼ ጭራቅ፣ ተቀበል!

ቁመቴም አጠረ ክብደቴም በነነ፣
ጭራቁ ዛሬማ የሣር ጤዛ ሆነ።»

ጭራቁ ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው። አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ማሲንቆው ግን ለመነው፤ አባበለው፤ ስሙን ጠራው። ጆሮው ተወዛወዘ። ትከሻው ተወዛወዘ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ከአፉ ላይ ለቀቁ።

«ቁመቴም አጠረ… ክብደቴም በነነ… ጭራቁ ዛሬማ… የሣር… ጤዛ…»

አልጨረሰውም። «ሆነ» ያለው ላቀው ነው።

ሣሩ ላይ ክብ የጤዛ ጠብታ ቀረች። ፀሐይ አፋፉን ዘለቀች፤ ጠብታዋም ትንሽ አብለጨለጨችና ጠፋች።

አባትና ልጅ ወጡ። አምባላይ ከዛፍ ኋላ ብቅ ብሎ፣ «ጭራዬ ነበረች እንዲህ የጮኸችው፤ አወቅኋት!» አለ። ላቀው እግሩ ስለደማ ፈረሱ ላይ ወጣ። እንጉዳይ ማሲንቆውን በትከሻዋ አንጠልጥላ በእግሯ ተከተለች።

መንገዱ በዚያው በሰርጉ መንደር ያልፋል። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ትናንት «ጉንፋን ያዘው?» ያለው ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ጭቃ ሹሙ ራሱ መጥቶ የፈረሱን ልጓም ያዘ።

«አቶ ላቀው፣ ግባልን። ዛሬ ከእኔ ጎን ነው የምትቀመጠው። በር አጠገብ ማስቀመጣችን…» ብሎ ቀሪውን መናገር አቃተው።

እንጉዳይ ግን ልጃገረዶቹን ፈልጋ ፊታቸው ቆመች። ልቧ በጭራቁ ደጅ ከመታው ይበልጥ መታ።

«የሻረግ፣ የነጋዴ ልጅ አይደለሁም። የዚህ ሰው ልጅ ነኝ። ትናንት የነገርኩሽ ውሸት ነው፤ ማሲንቆውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ውሸታም!» አለች የሻረግ። ፊቷን አዞረች። ሌሎቹም ተንሾካሾኩ። እንጉዳይ የተናገረችው ይቅር ይሉኛል ብላ አልነበረም፤ ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ አባቷን ተከትላ ሄደች። ላቀውም ጭቃ ሹሙን አመስግኖ፣ «ሌላ ቀን እመጣለሁ ጌታዬ፤ ዛሬ የቤቴ ሰው ሳትተኛ ነው ያደረችው» ብሎት ነበር።

እውነትም አትጠገብ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ባሏን ስታይ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ የልጇን ፊት ስታይ ግን ዘጋችው። እንጉዳይ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ከቅቤው እስከ ጤዛው አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

አትጠገብ ቁጣዋን ዋጠች። ከዚያ፣ «ሂጂ ውሃ አሙቂና የአባትሽን እግር እጠቢ» አለች።

እንጉዳይ ውሃ አሞቀች። አባቷ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ተንበርክካ እሾሁን ከእግሩ እየለቀመች አጠበችው። አንዱን አጥባ ሌላውን ያዘች፤ ራሷን ግን ቀና አላደረገችም።

«ቀና በይ እንጂ» አለ ላቀው።

«አፈርኩ፣ አባዬ። አሁንም አልለቀቀኝም።»

ላቀው እጁን ራሷ ላይ ጫነ።

«በአንድ ቀን አይለቅም። ማፈርሽ ካልቀረ ግን አጠገቤ ሆነሽ እፈሪ፤ እየራቅሽኝ አይሁን።»

እንጉዳይ ቀና አለች።

እኔም እዚህ ድረስ ተሸክሜው የመጣሁትን ተረት አወረድኩ። የያዛችሁትን እጅ ልቀቁ፣ ጭራቁ የለም። ጉሮሮዬ ግን ደርቋል፤ ተረቱን የወሰደ ውሃ ያምጣልኝ።